በጾም የላላው ጊታር

ወንድሜን ወደ ደብረ ማርቆስ የላከችው እናታችን ናት። «የድሬዳዋ ሙቀት ነው እንዲህ ያደረገው፤ አንቺ ጋ ትንሽ ቀዝቀዝ ይበልለት» አለችኝ በስልክ። ወሩ ሐምሌ ነበር። በሐምሌ ማርቆስ ቀዝቀዝ ብቻ አይልም፤ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ውሎ እያደረ ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ስስ ጥቁር ቲሸርት ለብሶ፣ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ነበር። አቅፌ ስስመው ጉንጩ አጥንት ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

«አቦ፣ እዚህ እንዴት ነው ሰው የሚኖረው?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከአፉ የወጣ ረጅም ንግግር ይኸው ነበር።

ሙቀቱ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ አበባ የጀመረውን ትምህርት ትቶ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ተመልሶም ክፍሉን ዘጋ። ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ጀምሮ ተወው። ጸበልም ወስደውት ነበር፤ ተጠምቆ መጥቶ ተመልሶ ተኛ። እናቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከአልጋው አንሥተሽ ከሰው ቀላቅይልኝ። እኔ አቃተኝ» አለችኝ። እናቴ «አቃተኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እኔስ ብትሉኝ፣ ያኔ ማርቆስ ከገባሁ ስንት ክረምት አልፏል። በሥራ ምደባ መጥቼ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ገባሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ያልኩት ኑሮ ሆነ። ቀኑን ሙሉ በመስኮት በኩል ለሰው ሁሉ «ከምግብ በኋላ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሳያቋርጡ» ስል እውላለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ከእግሬ ይልቅ ምላሴ ይደክመኛል። አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ መድኃኒቱን የማይውጥ አንድ የራሴ ሰው ተጨመረልኝ።

የምኖረው በአንዲት መነኩሴ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፍተው፣ ገዳም ሳይገቡ እቤታቸው የተቀመጡ ናቸው። እኔም ሰፈሩም «እማሆይ» እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ፈጣንና ነገር የማያልፋቸው ሴት ነበሩ። ወንድሜ በመጣ ሰሞን ቲሸርቱን አጥቤ ገመድ ላይ ሰቅዬው ነበርና ሥራ ውዬ ስመለስ ከልብሱ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ደረቱ ላይ ትልቅ የራስ ቅል ተሥሎበታል።

«ልጄ፣ ይኼ የአዳም ራስ ቅል ነው?» አሉኝ።

በሥዕለ ስቅለቱ ላይ ከመስቀሉ ሥር የሚሣለውን ማለታቸው ነው። ልብሱን ከገመዱ አወረድኩት።

«እሱስ ደግ። መስቀሉን ምነው ረሱት?» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ወንድሜ ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጀርባውን አያለሁ፤ ማታ ስመለስ ጀርባውን አያለሁ። ከድኜለት የሄድኩት ምግብ እንደተከደነ ይቆየኛል። «ተነሥ፣ ከተማውን ላሳይህ» እለዋለሁ፤ «ነገ» ይላል። ሲሰለቸኝ ተቆጣሁ፣ ስቆጣ አዘንኩ፣ ሳዝን ጸለይኩ፤ መጨረሻ ላይ መጸለዩም ደከመኝና ለምልጃ የምቆምበት ሰዓት ላይ ዝም ብዬ መቆም ጀመርኩ። እግዜር ያየኛል ብዬ ብቻ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ኤሌክትሪክ ጊታር ቢኖረኝ እነሣ ነበር» አለ።

ጊታር እንደሚወድ አውቃለሁ። ድሬዳዋ ሳለ ከጎረቤት በተዋሰው አሮጌ የእንጨት ጊታር ጣቱ እስኪደማ ይጫወት ነበር። የሚወደው ደግሞ ሜታል የሚሉትን ነው፤ የጊታሩ ድምፅ በኤሌክትሪክ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የሚደረግበት፣ ከበሮው እንደ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድበት የፈረንጅ ሙዚቃ። እኔ የመዝሙር እንጂ የዚህ ጆሮ የለኝም። ግን «እነሣ ነበር» ያላትን ቃል ሰምቼ እንዴት ልለፋት?

«ምን ዓይነት ጊታር?» አልኩት።

ዞረ። ከመጣ ጀምሮ ፊቱን ሙሉ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እኔ ጠንቃቃ ነኝ፤ አንድን ነገር ሳላጣራ አልሰጥም። ያን ቀን ግን የጠየቅሁት ለማጣራት አልነበረም፤ እንዲያወራ ነው። መልስ በሰጠኝ ቁጥር ሌላ ጥያቄ እፈልጋለሁ። እንጨቱ ምን ይሁን? ቢከብድ ይሻላል፣ ድምፁን ያቆየዋል አለ። የክሩን ንዝረት የሚቀበሉት ማይኮችስ? የሽቦ ጥቅላቸው ነጠላ ከሆነ ሲሻክር አብሮ ይጮህበታል፤ ድርብ ይሁን አለ። አንገቱስ? ቀጭን ይሁን፣ ጣት እንዲሮጥበት። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳምንታት አለፉ። በመጀመሪያ ተጋድሞ ነበር የሚመልስልኝ፤ ቀጥሎ በክርኑ ተደገፈ፤ ከዚያ ቁጭ አለ።

የተጣላነው ድልድዩ ላይ ነው። ድልድይ የሚሉት ክሮቹ ከጊታሩ ሆድ ላይ የሚታሰሩበት ብረት ነው። አንዱ ዓይነት በብሎን ታስሮ የተቀመጠ፣ የማይነቃነቅ ነው። ሌላው ትሬሞሎ ያለው ነው፤ ብረቱ በሁለት ቀጭን ምሰሶዎች ጫፍ ላይ ተንሳፍፎ ይቆማል፣ ከጎኑ የተቆለመመ ዘንግ ይወጣለታል፣ ዘንጉን ሲጫኑት ድምፁ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲስቡት ሽቅብ ይወጣል።

«በምን ይቆማል ታዲያ?» አልኩ።

«የገበያ ሚዛን አታውቂም? ክሮቹ ከፊት ይስቡታል፣ ከጀርባ ሞላዎች አሉ፣ እነሱ ወደ ኋላ ይስቡታል። እኩል ሲሳሳቡ መሀል ላይ ይቆማል።»

«አንድ ክር ቢበጠስስ?»

ትራሱን ያስተካክል ጀመር።

«ቢበጠስስ አልኩህ?»

«ሚዛኑ ያጋድላል። የቀሩትም ከቅኝታቸው ይወጣሉ። እስኪቀየር ነው።»

«የት ተገዝቶ ነው የሚቀየረው? እዚህ አገር ከመሰንቆ የፈረስ ጭራ በቀር ክር ሲሸጥ አላየሁም።»

«አቦ፣ ጨለምተኛ አትሁኚ!»

«የማይነቃነቀውን እንግዛ። አንድ ክር ቢሄድ ሌላው ባለበት ይቆያል። ደግሞ ለሜታል ክሩ ወደ ታች ይቃኛል ብለኸኛል፤ በማይነቃነቀው አንዷን ቁልፍ አዙረህ ትጨርሳለህ። በዚያኛው ግን አንዱን ስትነካ ሁሉም ይናጋል። ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

«እኔ የነገርኩሽን መልሰሽ በእኔ ላይ?» አለና ሳቀ። ሳቀ! ክርክሩን የተውኩት ያኔ ነው። ለዚያ ቀን ማለቴ ነው እንጂ ሐሳቤን አልለወጥኩም።

ከመግዛታችን በፊት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። አባ ይፍቱኝ ብዬ ነገሩን አወጋኋቸው። ሙዚቃው ጩኸት እንደሆነ፣ ልብሱ ላይ ምን እንደተሣለ፣ ሁሉንም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ልጁ ይበላል?»

«አይበላም አባ።»

«ይተኛል?»

«ከመጠን በላይ።»

«ይናገራል?»

«ስለ ጊታሩ ሲሆን ብቻ።»

«ግዢለት። ቆሞ የሚሄድ ኃጢአተኛ አንድ ቀን ለንስሐ ይደርሳል፤ የተኛ ወዴት ይደርሳል? በጾም ግን እንዳይነካው።»

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲገባ አዲስ አበባ ሄድን። የአባይን በረሃ ስንወርድ ወንድሜ መስኮቱን ከፍቶ ጭንቅላቱን አወጣ፤ ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው «እንደ ቤት» አለ። እኔም በሆዴ እንደ ቤት አልኩ።

የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጡት ሰውዬ ሁለት ጊታር ግድግዳው ላይ ነበራቸው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሱ። የእኔ ቡናማ ነው፣ ድልድዩ ድርቅ ብሎ የተቀመጠ። የእሱ ጥቁር ነው፣ አንገቱ ላይም ክሮቹን የሚቆልፍ ብረት ያለው። ሰውዬው የት እንደምንኖር ጠየቁን። ነገርናቸው።

«እህቴ፣ ለክፍለ ሀገር ከሆነ ይኼን ጥቁሩን አልመክርም» አሉ። «ስትመለሱብኝ ደስ አይለኝም። ቡናማውን ውሰዱ።»

ወንድሜን አየሁት፤ «ይኸው፣ ባለቤቱም ተናገሩ» በሚል ዓይን። እሱ ቡናማውን አንሥቶ ደህና አድርጎ ተጫወተበት። ቀጥሎ ጥቁሩን አነሣ። አንድ ክር መታና ዘንጉን ተጫነው። ድምፁ ያን ጠዋት የወረድነውን ገደል መሰለ፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ማለቂያ አጣ፤ ከዚያ እጁን ሲለቅ ተመልሶ ካለበት ቆመ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ የልጅነት ፊቱ ነበር። ትልቅ ነገር አይደለም፤ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ቅንድቡ ተነሥቷል፣ በቃ።

«ጥቁሩን» አልኩ።

ሰውዬው፣ «እንግዲህ ትርፍ ክር ጨምሩበት» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨመርንበት።

ማርቆስ ተመልሰን አብረን ከገዛናት ትንሽ የድምፅ ማጉያ ጋር ባገናኘው ማግስት እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?»

«እማሆይ፣ ይቅርታ፣ ይቀንሰዋል» ልል ስል ወንድሜ ቀደመኝ። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ስንል ነው ያደግነው፤ እኔ ማርቆስ ገብቼ እርስዎን እስክለምድ ስንት አፍሬያለሁ። እሱ ገና አልለመደም።

«አንቺ እማሆይ፣ ገብስ ካለሽ አምጪ፣ እንፈጭልሻለን!»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እማሆይ ግን አተኩረው አዩት፣ ከላይ እስከ ታች።

«ገብሱስ ነበረ። ይኼ ወፍጮ በየት በኩል ነው የሚጎርሰው?» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ሆኑ። እሳቸው ጸሎት ሲይዙ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ መታ መታ ያደርጋሉ፣ እሱ ያጠፋል። ሲጨርሱ ደግሞ መታ ያደርጋሉ፣ እሱ ይቀጥላል። እኔን «ወንድምሽ ባለጌ ነው፤ ግን ይታዘዛል» ይሉኛል። እሱን ደግሞ «የድሬው» አሉት፤ ስሙን ጠርተውት አያውቁም።

በጥር አጋማሽ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በባጃጅ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ ወርዶ በሩን አንኳኳ። የትርፍ ጊዜ ሥራው የሠርግ ባንድ ውስጥ ድራም መምታት ነው። «ይኼን የሚጫወተው ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ጅብ ቤት ውስጥ ያየ ይመስል። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ከሰዓት ከሰዓት እየወጣ ከእነሱ ጋር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ይለማመድ ጀመር። ገና ብዙ ቀን ይቀርና ይተኛል፤ ገና ምግቡን ጥሎ ይሄዳል። ግን ይወጣል። መምህሩ ለዳግማይ ትንሣኤ አንድ ትልቅ ሠርግ እንደያዙና ጊታሩን ወንድሜ እንዲጫወት እንደሚፈልግ ነገረው። ከዚያ በፊት ወንድሜ በሰው ፊት ለመቆም እሺ ብሎ አያውቅም። እሺ አለ። ለእናቴ ደወልኩላት፤ አላመነችኝም።

የዐቢይ ጾም ቅበላ እሑድ እማሆይ ጠሩን። ዋናው ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የሟች ወንድማቸው ክራር በሚስማር ተሰቅሏል፤ የሚጫወተው የለም። ቢሆንም በየዓመቱ ለጾሙ ክሮቹን ያስላላሉ፣ በፋሲካ ያስወጥራሉ። ወንድማቸው በሕይወት ሳለ እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ እሱ ሲጾም ክራሩም እንዲጾም። ክሩ ከተወጠረ እጅን መምታት ያምረዋል፣ ከላላ ግን ሰውየውም ያርፋል፣ እንጨቱም ያርፋል ይላሉ።

«የድሬው፣ አንተ እጅህ ክር ያውቃል። ና አላላልኝ» አሉት።

ክራሩን ከሚስማሩ ሲያወርደው ሕፃን እንደሚያወርድ ነበር። አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ አንድ በአንድ አላላና መልሶ ሰቀለው። እማሆይ ግንባሩን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ።» «አሜን» አለ። ከአፉ አሜን ስሰማ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላስታውስም።

በማግስቱ ሰኞ ከሥራ ስመለስ ጥቁሩ ጊታር አልጋው ራስጌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንገቱ ላይ ያለው ቁልፍ ተፈትቷል፣ ክሮቹ ሁሉ ልል ብለው ተንጠልጥለዋል።

«እኛም ጾም ያዝን» አለኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ይኼን ለእኔ ሲል፣ ለእማሆይ ሲል፣ ማን ያውቃል ለራሱም ሲል እንዳደረገው ገባኝ። የዚህ ግቢ ሰው መሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ። ሚዛኑ ትዝ አላለኝም። እሱ እንኳ፣ ያን ያህል አስረድቶኝ፣ ትዝ አላለውም።

ጾሙን አብረን ጾምን። ብዙ ቀን እኔ ከቅዳሴ ስወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ ተደግፎ ይጠብቀኛል፤ ውስጥ አይገባም፣ ግን ይጠብቃል። ሽሮውን ይበላል። እኔም በዚያ ሰሞን ትንሽ ተኛሁ።

በፋሲካ ማግስት የእማሆይን ክራር ወጠረላቸው፤ ተወጥሮም አበቃ። ከዚያ የራሱን አወረደ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሞላዎቹ ብቻቸውን ሲስቡ ስለከረሙ ድልድዩ ወደ ኋላ ተዘፍቆ፣ ጊታሩ ሆድ ውስጥ ገብቷል። አንዱን ክር ሲወጥር ድልድዩ ትንሽ ይነሣል፤ ሁለተኛውን ሲወጥር የመጀመሪያው ይላላል፤ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ሦስተኛው ከቅኝቱ ይወጣል። «ይመለሳል፣ በትዕግሥት ነው» ይላል። ቆየና መናገሩን ተወ። ክሮቹ በእጁ ላብ ዝገዋል፤ ትርፎቹን ደግሞ ሲለማመድ ጨርሷቸዋል። ቀጭኗ ክር ጧ ብላ ተበጠሰች። የቀሩት ሁሉ አብረው ተናጉ። ደግሞ ሊያስተካክል ሲሞክር ሁለተኛዋ ተከተለች።

ጊታሩን አልጋው ሥር አስገባ። ተኛ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መምህሩ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «በበዓል ሳምንት ማን ሱቅ ይከፍታል? እስቲ አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች ልደውል፤ ከተገኘ በአውቶቡስ ይልኩታል» አለ። ወንድሜን ግን፣ «አንተ የድሬው፣ ሠርጉ እሑድ ነው፤ ሙሽራው የሚጠብቀው አንተን እንጂ ጊታሩን አይደለም!» ብሎ ሊያስቀው ሞከረ። ጀርባው አልተንቀሳቀሰም። መምህሩ ሲወጣ በሩ ላይ ቀስ ብሎ፣ «አሞታል እንዴ?» አለኝ። «ደክሞት ነው» አልኩ።

የደከመኝ እኔ ነበርኩ። ወንበር ስቤ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ነግሬህ ነበር የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ቆማለች። ሱቁ ውስጥ ሰውዬው ነግረውናል፤ ክፍሉ ውስጥ እኔ ነግሬዋለሁ። ብላት ልክ ነኝ። ብላት ደግሞ ያ ጀርባ ዳግመኛ አይዞርም። ዋጥኳት።

ግቢው ውስጥ አንድ ጎረምሳ እንጨት እየፈለጠ ነበር። የእማሆይ ምሳር እጀታው ስለሚወልቅ ሽብልቅ ተመትቶበታል።

«እንዳይነቃነቅ ከጀርባው ሽብልቅ ቢገባበትስ?» አልኩ።

«ድልድዩን?» አለ ከግድግዳው ሳይዞር።

«አዎ።»

«ከዚያ አይንቀሳቀስም።»

«አይንቀሳቀስ።»

«ከዚያማ አንቺ የመረጥሽው ጊታር ሆነ።»

እውነቱ ያ ነው። ተነሥቼ እራት ሠራሁ፤ አልበላም።

በማግስቱ ፈቃድ አልነበረኝምና ሥራ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ስሰጥ እጄ እዚያ፣ ልቤ እቤት ነው። ስመለስ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ የወይራ ፍልጥ፣ እጁ ላይ የእማሆይ ቢላዋ። እማሆይ ደግሞ በርጩማቸውን አውጥተው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል።

«ምን ትጠርባለህ ብለው፣ ለጊታሩ መደገፊያ ነው አለኝ» አሉኝ ሳቅ እያሉ። «ይደገፍ እንጂ! እኛስ ያለ መቋሚያ መች ቆመን እናውቃለን?»

«እማሆይ፣ እጅዎን ያንሡ፣ ስንጥሩ ይወጋዎታል» አላቸው ወንድሜ። እርስዎ አላቸው። እማሆይ ወደ እኔ ዞሩና ቅንድባቸውን አነሡ።

ሁለት ትንንሽ ሽብልቅ ሠራ። የጊታሩን የጀርባ ክዳን ፈትቶ አንዱን ከብረቱ ፊት፣ አንዱን ከኋላ መታ አድርጎ አስገባ። የቀሩትን አራት ወፍራም ክሮች ወጠረ። አንዱን ሲወጥር ሌላው ባለበት ቆመ። ሁሉም ቆሙ። ዘንጉን ሞክሮ ተጫነው፤ አልነቃነቅ አለ። ዘንጉን ነቅሎ መስኮቱ ላይ አኖረው።

«ክር ከአዲስ አበባ ካልመጣስ?» አልኩት።

«ለሜታል ወፍራሞቹ ይበቃሉ» አለ።

«ለሠርግስ?»

«ለሠርግማ የሚሰማው የለ።»

ክሩ አልመጣም። እሑድ ነጠላዬን ለብሼ ሠርጉ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ወንድሜ ከኋላ፣ ድራሙ አጠገብ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጥቁሩን ቲሸርት አልለበሰም፤ የነጭ ሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆልፏል። መጀመሪያ የታወቁትን የሠርግ ዘፈኖች በአራቱ ክር ከሥር ከሥር እየመታ ሸኛቸው። ማንም ጉድለቱን አላወቀም። ጭፈራው ሲሟሟቅ ግን መምህሩ ዓይኑን ጠቀሰው። ድራሙ እንደ በረዶ መውረድ ጀመረ፤ ወንድሜም ድምፁን የሚያሻክረውን ፔዳል ረግጦ ወፍራሞቹን ክሮች መታቸው። ድንኳኑ ተናወጠ።

ከፊታችን ከተቀመጡት ወንዶች መሀል ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቁመው፣ «ኧረ ይኼን ልጅ ምን በደልነው?» አሉ።

«ዝም ይበሉ አባባ፣ ሙሽራው ደስ ብሎታል» አላቸው አንዱ።

«ሠርግ ነው ዘመቻ?»

ወጣቶቹ ግን ገቡበት። ትከሻቸው ድራሙን አገኘው፤ ጎጃሜ ትከሻው ያገኘውን ምት አይለቅም። ሽማግሌውም ትንሽ ቆይተው በተቀመጡበት ትከሻቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየኋቸው።

ሲያበቃ ወንድሜ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ቆመ። አንዲት የሙሽራው ዘመድ እጃቸውን ታጥበው መጥተው፣ «ና የኔ ልጅ፣ አንተ ስትጮኽ የዋልክ፣ ደርቀሃል» ብለው ትልቅ ጉርሻ አፉ ውስጥ አስገቡለት። ተቀበለ። ደገሙት፤ ተቀበለ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ሴቶቹ «የሙሽራዪቱ እናት ነሽ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሌላውን ባጭሩ ልበል። በሰኔ፣ መምህሩ አዲስ አበባ ያሉ የሜታል ልጆች ጊታር የሚመታ ሰው እንደሚፈልጉ ሰማ። ወንድሜ ሲነግረኝ ፊቴን እያየ ነበር። «ሂድ» አልኩት። ሌላ ምን ልል? ከአልጋው አንሥተሽ ከሰው ቀላቅይልኝ ተብዬ ነበር፤ ሰው ደግሞ የሚቀላቀለው እዚህ ብቻ አይደለም። መናኸሪያው ላይ ሲሳፈር ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ እጁን ብብቱ ውስጥ ሳይሆን የጊታሩ ሻንጣ ላይ አድርጎ ነበር። እናቴ በስልክ አለቀሰች፣ መረቀችኝ፣ ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ ስለ እሱ። ከዘጋሁ በኋላ ባዶው አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። ግድግዳውን አየሁት። አንዳንድ ቦታ ልስኑ በጣት ተፍቆ ነበር።

ዘንጉን መስኮቱ ላይ ረስቶት ሄደ። «ልላክልህ?» ስለው «ይቆይ» አለኝ።

በቀጣዩ ዓመት ቅበላ እሑድ እማሆይ ክራራቸውን ለማላላት እኔን ጠሩኝ። እጄ ክር አያውቅምና ሳላላ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በዚያው ወንድሜ ደወለ። እማሆይ ክፍሉ ውስጥ መኖራቸውን ነገርኩትና የእንኳን አደረሳችሁ ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ለእኔ፣

«ጊታሩን አላላሁት» አለኝ።

ደነገጥኩ። «ምነው? ያለፈውን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። አንዷን ሽብልቅ አውጥቻታለሁ፤ ዘንጉ ወደ ታች እንዳይጫን የምትይዘዋን። አንዷን ግን ተውኳት። አሁን ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ኋላ ግን አይሄድም። ክሩ ቢላላም ባለበት ይቆማል።»

«እና ዘንጉ ያስፈልግሃላ?»

«ከፋሲካ በኋላ ላኪልኝ» አለ። «አንቺስ? ድምፅሽ ደክሞታል።»

ይኼን የጠየቀኝ ሰው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ላስብ ሞከርኩ። ብርድ ነው አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ እማሆይ ክራሩን ወደ ሚስማሩ እየመለሱ ነበር።

«የድሬው ምን አለ?»

«አላላሁት አለ እማሆይ።»

«ተሰበረበት?»

«አይ፣ ዘንድሮ ይቆማል አለ።»

«እሰይ» አሉና ከክራሩ ላይ ያልነበረ አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።